ነፋሱ የዞረባት ቅዳሜ

ሾፌሮቹ «ደቂቃ» የሚል ስም ያወጡላት በአውቶቡስ መናኸሪያው በተቀጠረች በሁለተኛው ሳምንት ነው። አንድ ግዙፍ ሾፌር አውቶቡሱን አንድ ደቂቃ አሳልፎ ሊነሳ ሲል፣ ከስምሪት ክፍሉ መስኮት ብቅ ብላ በማይክሮፎን «ደቂቃዋን የት አደረስካት?» አለችው። ተሳፋሪው ሁሉ ሰማ፣ መናኸሪያው በሳቅ ተናጋ፣ ስሙም እንደ ሙጫ ተጣበቀባት። ያ ግዙፍ ሾፌር፣ ሳይነገር እንዳይቀር፣ ዛሬ ባሏ ነው።

ሃያ ስምንት ዓመት አውቶቡስ አሰማርታ ጡረታ ወጣች። ጡረታው ግን አልተስማማትም። በመጀመሪያው ወር ቁም ሳጥኑን ሁለት ጊዜ ገለበጠች። በሁለተኛው ወር የጎረቤት ደጃፍ ላይ መኪና የሚያቆሙትን ሰዎች ማስተካከል ጀመረች። በሦስተኛው ወር ተራው የባሏ ሆነ። «ሻይህን ጨርሰሃል? ታዲያ ኩባያው እዚህ ምን ይጠብቃል?» ትለዋለች። እሱ ጡረታው ሁለት ዓመት ይቀረው ስለነበር፣ ማለዳ የሥራ ልብሱን ለብሶ ከደጅ ሲወጣ እፎይ ይል ነበር።

አንድ ቀን ማብሪያ ማጥፊያ ተበላሽቶባት ታናሽ ወንድሟን ልትጠራ ሄደች። ወንድሟ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ስትደርስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ፣ የጆሮ ማዳመጫ ደፍቶ፣ በማያ ገጹ ላይ የአውሮፕላን አፍንጫ እያየ ትንሽ መሪ ጨብጧል። ከድምፅ ማጉያው ረጋ ያለ የሰው ድምፅ ወጣ፤ ቁጥር ጠራ፣ መንገድ ሰጠ፣ ዝም አለ። ወንድሟ የተባለውን ቃል በቃል ደገመ። ሌላ ቁጥር ተጠራ፣ ሌላ መንገድ ተሰጠ።

ደቂቃ በቆመችበት ደርቃ ቀረች።

«ማነው ይሄ ሰውዬ?»

«የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ነው እትዬ። እሱም እንደ እኔ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው። በዓለም ዙሪያ እኛ በኮምፒውተር እንበራለን፣ እነሱ በኮምፒውተር ይመሩናል። ደመወዝ የለውም፣ በፈቃደኝነት ነው። አውሮፕላኑ እውነተኛ አይደለም፤ ሕጉ ግን ልክ እንደ እውነተኛው ነው። ሠልጥኖ ያልተፈተነ ሰው እዚያ ወንበር ላይ አይቀመጥም።»

«ስምሪት ነው በለኛ!»

«ስምሪት ነው፣ ግን...»

«ግን የለውም» አለች። ማብሪያ ማጥፊያውንም ረስታው ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ወንድሟ አሮጌ ኮምፒውተሩን አምጥቶ ሳሎኑ ጥግ ላይ ገጠመላት፤ ስሟን አስመዘገበላት። ወረፋው አራት ወር ፈጀ። በመሃል አምስት ሰነዶች ተላኩላት፤ የምትለማመድበት አየር ማረፊያ ካርታ፣ የንግግር ደንቡ፣ የአሠራር መመሪያው፣ ሌላም ሌላም። ወንድሟ አትሞ ሰጣት። እሷም አንድ ላይ አሥራ ቴሌቪዥኑ ሥር ከተተቻቸው።

«አታነቢውም እንዴ?» አላት ባሏ።

«ሃያ ስምንት ዓመት የሠራሁትን ነገር ከወረቀት ልማር? በትልቅ በዓል ዋዜማ ሁለት መቶ አውቶቡስ ያስወጣሁ ሰው ነኝ።»

ከእሷ ጋር ረጅም ዘመን የኖረ ሰው መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል።

የመጀመሪያው ልምምድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። አሠልጣኟን በድምፅ ብቻ ነው የምታውቃት፤ ቀን ቀን መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ልጇ ልትሆን የምትችል ወጣት ሴት ናት። አየር ማረፊያው አንድ መንደርደሪያ ብቻ ያለው መካከለኛ ነገር ነው። ለጀማሪ የሚሰጠው ሥራም የምድር ቁጥጥር ነው፤ ሊነሱ ያሉትን ከማቆሚያው እስከ መንደርደሪያው ጫፍ፣ ያረፉትን ደግሞ ከመንደርደሪያው እስከ ማቆሚያው መምራት። በማያ ገጿ ላይ አውሮፕላኖቹ እንደ ቀስት ምልክት ሆነው ቁጥራቸውን ተሸክመው ይታያሉ። የአየሩ ንግግር በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱስ አልከበዳትም፣ የውጭ አገር መንገደኛ ስታስተናግድ የኖረች ናት።

የከበዳትስ ሌላው ነው።

«ሦስት አራት ሁለት፣ እንደምን ዋልክ፣ እሺ እንግዲህ ቀስ ብለህ ትወጣና፣ ያቺን ትልቋን መንገድ ይዘህ፣ ከፊትህ ሌላ እንዳለ አይተህ...»

«የመንገዷ ስም?» አለች አሠልጣኟ በሌላ መስመር፣ አብራሪዎቹ በማይሰሙት።

ደቂቃ ካርታውን ፈለገች። ካርታው ቴሌቪዥኑ ሥር ነው።

እሷ ስትናገር ሌላ አብራሪ ጠራት፤ ሁለቱ ድምፅ ተላትሞ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ አለ። ሦስተኛውን፣ ማያ ገጿ ላይ ያገኘችውን የመንገድ ስም አንብባ፣ «በብራቮ ውጣ» አለችው። እሱ «በዴልታ እወጣለሁ» ብሎ ደገመ። እሷም «ጎበዝ!» ብላ አሰናበተችው። ትንሽ ቆይቶ አራት ቀስቶች አንድ መገናኛ ላይ ተፋጠጡ። አውሮፕላን ደግሞ እንደ አውቶቡስ በራሱ ወደ ኋላ አይሄድም። ደቂቃ እጇ የመናገሪያው ቁልፍ ላይ እንደተጫነ «ቆይ፣ ቆይ፣ ሁላችሁም ቆዩ!» አለች።

በሃያ ሁለተኛው ደቂቃ አሠልጣኟ አብራሪዎቹን አመስግና አሰናበተቻቸው።

«ዛሬ እዚህ ላይ እናቁም» አለቻት። «ድምፅዎ ጥሩ ነው። ሰው ሲሰማው ይታዘዘዋል። ግን ሳይዘጋጁ ነው የመጡት።»

«እኔ እኮ ልጄ፣ ሃያ ስምንት ዓመት...»

«አውቃለሁ። ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ ነግረውኛል።» ወጣቷ ድምፅዋን አላነሳችም። «እኔ ለእያንዳንዱ ልምምድ ሁለት ሰዓት እዘጋጃለሁ። እነዚህ አብራሪዎች ደግሞ ቅዳሜያቸውን ለእርስዎ ብለው ነው የሰጡን። ከኋላዎ አሥራ አንድ ሰው ወረፋ ይጠብቃል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ቀጠሮ እሰጥዎታለሁ። ያኔም እንዲሁ ከሆነ ቦታውን ለሚቀጥለው ሰው እሰጣለሁ። አይቀየሙኝ።»

ደቂቃ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ፊቷ እሳት ሆኖ ነበር። ያቺ ጡት ያልጣለች ልጅ! እሷን! ኮምፒውተሩን አጥፍታ ወጥ ቤት ገባች፤ ንጹሑን ሳህን አንድ በአንድ አጠበችው።

ባሏ በር ላይ ቆሞ አያት። ይስቅብኛል ብላ ተዘጋጅታ ነበር፤ የምትመልስለትም አላጣችም። እሱ ግን አልሳቀም።

«መናኸሪያ የተቀጠርሽ ለት ትዝ ይልሻል?» አላት። «ማይክሮፎን ከመንካትሽ በፊት ሳምንት ሙሉ ደብተር ይዘሽ ግቢውን ስትዞሪ ነበር። እያንዳንዱን መቆሚያ በእርምጃ ለካሽው። እኔ አውቶቡስ ሥር ተጋድሜ ዘይት ስቀይር መጥተሽ፣ ‹ይሄ መኪና ለመዞር ስንት ሜትር ይፈልጋል?› አልሽኝ። እኛ ሾፌሮቹ እንኳን የማናውቀውን ነው የጠየቅሽው። የፈራንሽ ለማይክሮፎኑ ብለን መሰለሽ? ለደብተሩ ነው።»

ደቂቃ የያዘችውን ሳህን ደግማ አለቀለቀችው።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ» አለ ባሏ። «አንቺ ደግሞ ጠምጥመሽ ነው የሄድሽው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሳህኑን ትወረውርበት ነበር። ያን ቀን ግን እጇን አደረቀች፣ ሳሎን ገባች፣ ተንበርክካ ከቴሌቪዥኑ ሥር የወረቀቱን እስር አወጣችው። አቧራውን እፍ ብላ አራገፈች። «መነጽሬን አቀብለኝ» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ልክ ሥራ እንደምትገባ ሁሉ ፀጉሯን አበጥራ ጠረጴዛ ትቀመጣለች። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ገጽ ብቻ ገፋች፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ስድስት ጊዜ አነበበችው። ሁለተኛው ቀን አራት ገጽ ገፋች። ያልገባትን በቀይ እስክሪብቶ አሰመረችበት። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ ከጥቁሩ ቀዩ የሚበዛ ሆነ።

በሳምንቱ መጨረሻ የአየር ማረፊያውን ካርታ የምግብ ጠረጴዛው ፕላስቲክ ላይ በወፍራም ማርከር ሣለችው። ከዳር እስከ ዳር፣ ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ፣ መንደርደሪያው ተዘረጋ፤ የምዕራቡ ጫፍ ስም ዜሮ ሰባት፣ የምሥራቁ ሁለት አምስት። ከሥሩ ጎን ለጎን አልፋ የተባለው ረጅም መንገድ። ከአልፋ ወደ ማቆሚያው የሚወርዱ ሦስት አጫጭር መንገዶች፤ በምዕራብ ብራቮ፣ በመሃል ቻርሊ፣ በምሥራቅ ዴልታ። የለስላሳ ጠርሙስ ክዳኖች ሰበሰበችና በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር ለጠፈች። አውሮፕላኖቿ እነሱ ነበሩ።

ባሏ ከሥራ ሲመለስ ዳቦና ሳህኑን ይዞ ቆመ። «ምሳ የት ልንበላ ነው?»

«ከመንደርደሪያው ወዲህ ተቀመጥ። ቻርሊ ላይ ግን ምንም ነገር እንዳታስቀምጥ።»

ምሳው ካለቀ በኋላ አብራሪ አደረገችው። እሱ መኝታ ቤት ይገባል፣ እሷ ሳሎን ትቀመጣለች፣ በሩ ገርበብ ይላል፤ በድምፅ ብቻ እንዲግባቡ። መጀመሪያ አካባቢ ሥራው ቀልድ ብቻ ነበር።

«አምስት ስድስት ስምንት፣ በብራቮና በአልፋ ወደ መንደርደሪያ ዜሮ ሰባት ጫፍ ሂድ።»

«አልሄድም፣ ገና ሰው አልሞላም» ይላል ከውስጥ።

«አውሮፕላን አልሞላም አይባልም!»

«ሃያ ስምንት ዓመት ‹ውጣ› ስትዪኝ ኖረሻል፤ አሁን ጊዜው የኔ ነው።»

ቀልዱ ሲሰክን ግን ባሏ የሚረባ አብራሪ ሆነ። የስምሪት ትእዛዝ ምን ያህል ተደምጦ መያዝ እንዳለበት ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አንዳንዴ ሆን ብሎ አሳስቶ ይደግማል። ቻርሊ ያለችውን ዴልታ ይላል፤ ቁጥሩን ያዟዙራል። በመጀመሪያው ቀን ከአሥር ስህተት ሦስቱን ብቻ ያዘች። ሰባቱን «ጎበዝ» እያለች አሳለፈቻቸው። ያን ለት ነው የገባት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ስትናገር እንጂ ስትሰማ አልኖረችም። መናኸሪያ ውስጥ ማንም መልሶ አይደግምላትም ነበር፤ ተናግራ ጨርሳለች፣ አውቶቡሱ ሄዷል፣ አለቀ።

ደብተሯን ሁለት ቦታ ከፈለችው። በአንድ ወገን «ያልኩት» ብላ ጻፈች፤ በሌላው «ማለት የነበረብኝ»። የመጀመሪያው ወገን ገጽ ይሞላል፤ ሁለተኛው አንድ መስመር ነው። ያልኩት የሚለውን በየቀኑ ማሳጠር ያዘች። «እሺ እንግዲህ» ወጣ። «ቀስ ብለህ» ወጣ። «እንደምን ዋልክ» እንኳን በግድ፣ እያዘነችለት፣ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ በኢንተርኔት ወደ በረራው መረብ ገብታ ሌሎች ተቆጣጣሪዎች ሲሠሩ ታዳምጣለች። አድማጭ መናገር አይፈቀድለትም፤ ቢሆንም ምላሷ ስለማይታመን እስክሪብቶዋን በጥርሷ ትነክሳለች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት እስክሪብቶ አኝካ ጨርሳለች።

አንድ ነገር ብቻ እንደ እሾህ ወጋት፤ ያልገባትን መጠየቅ። ያቺን ልጅ? በቀይ ያሰመረችባቸው ዓረፍተ ነገሮች ግን በራሳቸው አይፈቱም። ወንድሟን ጠየቀችው፤ እሱ አብራሪ እንጂ ተቆጣጣሪ አይደለም፣ ግማሹን ራሱም አያውቀውም። በአሥረኛው ቀን ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ለአሠልጣኟ አራት ጥያቄ ጻፈች። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ምናልባት ተራ ጥያቄ ይሆናል» ብላ ጀመረች።

መልሱ በምሳ ሰዓት መጣ። አራቱም ተራ በተራ ተመልሰዋል። ከሥር አንድ መስመር አለ፦ «ሦስተኛውን ጥያቄ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሠልጣኝ የለም። እኔም መመሪያውን ከፍቼ አይቼ ነው የመለስኩልዎት።»

ደቂቃ መልእክቱን ለባሏ ሁለት ጊዜ አነበበችለት። ለወንድሟ ደውላ ደግማ አነበበችለት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስቱ ሳምንት አለቀ። ባሏ ከሚያሳስተው አሥር ዘጠኙን መያዝ ጀመረች። ክዳኖቹን ዓይኗን ጨፍና ማንቀሳቀስ ቻለች። ሊነሳ ያለው በብራቮ ወጥቶ፣ በአልፋ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዜሮ ሰባት ጫፍ። ያረፈው በምሥራቅ በኩል ወጥቶ፣ በአልፋ ተመልሶ፣ በዴልታ ወደ ማቆሚያው። መውጫ ብራቮ፣ መግቢያ ዴልታ። እንደ መዝሙር ወጣላት።

የቀጠሮው ቅዳሜ ደረሰ። ልምምዱ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ የአየር ጠባዩን ለማየት ኮምፒውተሯን ከፈተች፤ መረቡ የሚጠቀመው የዕለቱን እውነተኛ የአየር ጠባይ ነው። አየችው። መነጽሯን ጠርጋ ደግማ አየችው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከምሥራቅ ሲነፍስ የከረመው ነፋስ ዞሮ ከምዕራብ ይነፍሳል።

አውሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ ነው የሚነሳው፤ ያንን ሰነዱ በሁለተኛው ገጽ ላይ ተናግሮ ነበር፣ እሷም አንብባው ነበር። ነፋሱ ሲዞር የመንደርደሪያው ጫፍ ይለወጣል። ዛሬ የሚነሳው ሁሉ ወደ ምሥራቅ ጫፍ ነው የሚሄደው፣ ሁለት አምስት ወደሚባለው። የሚያርፈውም የሚወጣው በምዕራብ በኩል ነው። መውጫው መግቢያ፣ መግቢያው መውጫ ሆነ። ሦስት ሳምንት ክዳኖቹ የሄዱበት መንገድ ሁሉ ተገልብጦ ቁጭ አለ።

ወንድሟ ደወለ። እሱም አይቶታል።

«እትዬ፣ ቀጠሮው ይዛወርልኝ በያት። ማንም አይፈርድብሽም።»

«ዝናብ ጣለ ብዬ አውቶቡስ አስቀርቼ አውቃለሁ?»

«ይሄ እኮ...»

«ስልኩን ዝጋልኝ፤ ሁለት ሰዓት ነው ያለኝ።»

ባሏ የማለዳ ፈረቃውን ጨርሶ ሶፋ ላይ አሸልቦ ነበር። ትከሻውን ነቀነቀችው። «ተነስ፣ ነፋሱ ዞሯል።»

«ልብስ ልታስጪ ነው?» አለ ዓይኑን ሳይከፍት።

«ተነስ እንጂ አንተ ሰው! አብራሪ ነህ።»

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። አፏ በልማድ «በብራቮ ውጣ» ይላል፤ ክዳኑ ብራቮ ላይ ከሚገባው ክዳን ጋር ይጋጫል። አንድ ጊዜ። ሦስት ጊዜ። በአምስተኛው ጊዜ ክዳኑን ወረወረችውና ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ካርታውን የተማረችው መስሏት ነበር፤ የሸመደደችው ግን አንድ መዝሙር ነው። ሸምዳጅ ደግሞ ስንኙ ሲገለበጥ ይጠፋዋል።

ባሏ ከመኝታ ቤት ወጥቶ ክዳኑን ከመሬት አነሳ። ቁጥሩ ላይ ያለውን አቧራ በአውራ ጣቱ ጠረገ። «መንገዱ አልተነቀለም» አላት። «አንድ መንገድ ተዘግቶብኝ በሌላ ስትልኪኝ እኮ አላለቀስሽም።»

«ማን አለቀሰ?»

«እሺ፣ ማንም።»

ቀና አለች። ካርታውን እንደ አዲስ፣ እንደ እንግዳ አየችው። ጣቷን ማቆሚያው ላይ አስቀምጣ ለራሷ ጠየቀች፤ ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ምሥራቅ። ለምሥራቅ የሚቀርበው የትኛው ነው? ዴልታ። የሚገባው ከወዴት ይመጣል? ከምዕራብ። እንግዲያው ብራቮን ለእሱ ልቀቂለት። አሁን መዝሙር አልነበረም፤ ምክንያት ነበር። በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ በትልቁ «መውጫ ዴልታ፣ መግቢያ ብራቮ» ብላ ጽፋ ከማያ ገጹ ጠርዝ ላይ ለጠፈችው። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ እስኪሆን ድረስ ክዳኖቹ ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ ዋሉ። ከዚያ ፊቷን ታጠበች፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀዳች፣ አዲስ እስክሪብቶ አወጣች፣ ተቀመጠች።

«ዝግጁ ነዎት?» አለች አሠልጣኟ።

«ዝግጁ ነኝ።»

ሌላ ቃል አልጨመረችም። የሃያ ስምንቱ ዓመት ነገር አልተነሳም።

የመጀመሪያው አብራሪ ጠራ። «በዴልታና በአልፋ፣ መንደርደሪያ ሁለት አምስት» አለችው። ደገመ። አዳመጠች፣ ትክክል ነው። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ሁለት አብራሪዎች አንድ ላይ ጠሩና ድምፃቸው ተላተመ፤ ለአንድ አፍታ ዝም ብላ፣ አንዱን በቁጥሩ ጠርታ «ቀጥል»፣ ሌላውን «ጠብቅ» አለችው። አራተኛው አብራሪ «በቻርሊ» ያለችውን «በብራቮ» ብሎ ደገመ። እስክሪብቶዋ ቆመ። «አይደለም፣ በቻርሊ» አለች። «በቻርሊ» አለ። ቀጠለች።

ወደ አርባኛው ደቂቃ ሲጠጋ ሥራው በዛ። ሁለት አርፈዋል፣ ሦስት ሊነሱ ይጠይቃሉ። በዚህ መሃል ሦስት አራት ሁለት መንገድ ጠየቀ፤ አፏ ከሐሳቧ ቀደመና «በብራቮና በአልፋ» አለችው። አብራሪው በትክክል ደገመ፤ ስህተቱ የእሱ አልነበረምና። ቀስቱ ከማቆሚያው ተነስቶ ብራቮ ላይ ወጣ።

ደቂቃ ሌላውን ልትጠራ ስትል ዓይኗ ተመለሰ። አርፎ በምዕራብ በኩል የወጣው አምስት ስድስት ስምንት በአልፋ ላይ እየመጣ ነው፤ እሱን ደግሞ በብራቮ ግባ ብላዋለች። አንዱ ወጪ፣ አንዱ ገቢ፣ አንዲት ጠባብ መንገድ ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ሊገናኙ ነው። ያ የመጀመሪያው ቅዳሜ በጆሮዋ ውስጥ «ሁላችሁም ቆዩ!» እያለ መጣባት።

አላለችውም። አንድ ጊዜ ተነፈሰች።

«ሦስት አራት ሁለት፣ ብራቮ ላይ ከአልፋ በፊት ቁም።»

«ከአልፋ በፊት እቆማለሁ፣ ሦስት አራት ሁለት።»

«አምስት ስድስት ስምንት፣ ብራቮን እለፍ፤ በአልፋ ቀጥል፣ በቻርሊ ወደ ማቆሚያው ግባ።»

«ብራቮን አልፌ፣ በአልፋ፣ በቻርሊ፣ አምስት ስድስት ስምንት።»

አንደኛው ቀስት ቆመ። ሁለተኛው ከፊቱ አልፎ ሄደ። ቻርሊ ላይ ታጠፈ። ከዚያ ሦስት አራት ሁለትን ለቀቀችው፤ ከኋላው ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ጉዞውን ቀጠለ። ከአምስቱ አብራሪዎች ምንም እንደተፈጠረ ያወቀ ያለ አይመስልም።

በሃምሳ አምስተኛው ደቂቃ አሠልጣኟ አብራሪዎቹን አሰናበተች። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ሦስት አራት ሁለትን በብራቮ ለምን አስወጡት?»

ሰበብ አልፈለገችም። «ልማድ ነው። ሦስት ሳምንት ለሌላኛው ጫፍ ነው የተዘጋጀሁት። ስህተቱ የኔ ነው።»

«ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ቀደሙኝ።» ወጣቷ ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማ። «ነፋሱ መዞሩን መቼ አወቁ?»

«ስምንት ሰዓት ላይ።»

«እኔም ስምንት ሰዓት ላይ ነው ያየሁት። ከፈለጉ ላዛውርልዎት ብዬ ጽፌልዎት ነበር። መልስ ሲጠፋ፣ ይመጣሉ ማለት ነው አልኩ።»

ደቂቃ መልእክት ሳጥኗን ከፈተች። መልእክቱ ተቀምጧል፣ ሳይነበብ። መኝታ ቤት በር ላይ የቆመው ባሏ አፉን በእጁ ይዞ ትከሻው በሳቅ ተናጠ።

«አላየሁትም» አለች። «ባየውም ኖሮ እንቢ ነበር የምልሽ።»

«እሱንማ አሁን አወቅሁ።» አሠልጣኟ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ወደ ሥራው ተመለሰ። «ለፈተና ገና ነዎት። አንድ ልምምድ ይቀረናል፤ በመሃሉ ሳልነግርዎት ጫፉን እለውጥብዎታለሁ። እሱን ካለፉ ለፈታኙ እጽፍለታለሁ።»

«መቼ?»

«የዛሬ ሁለት ሳምንት?»

«የዛሬ ሳምንት አይሆንም?»

«የዛሬ ሳምንት ይሁን» አለች አሠልጣኟ።

ሦስተኛው ልምምድ እንደተባለው ሆነ። በሠላሳኛው ደቂቃ ጫፉ ተለወጠ፤ ደቂቃ አንድ አውሮፕላን ብቻ ከሚገባው በላይ አስቆመች፣ ሌላ የተበላሸ ነገር አልነበረም። ፈታኙ ድምፁ እንደ በርሜል የሚያስተጋባ ጎልማሳ ነበር። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈተናት፤ ሁለት ቦታ ላይ ንግግሯ እንደሚረዝም ጽፎ አሳለፋት። ባሏ ወሬውን በማግስቱ መናኸሪያ አደረሰው፤ ሾፌሮቹ አየር ላይ ላሉት ሁሉ አዘኑላቸው አሉ።

ብቻዋን የተቀመጠችበት የመጀመሪያ ቀን እሑድ ከሰዓት ነበር። አሠልጣኝ የለም፣ የሚያርም የለም። ሩብ ሰዓት ሙሉ ማንም አልጠራትም። ውኃዋን ጠጣች። ነፋሱን ለአራተኛ ጊዜ አየች።

ከዚያ አንድ የማታውቀው ድምፅ፣ ከየት አገር እንደሆነ እንኳን የማይለይ፣ ቁጥሩን ተናግሮ መንገድ ጠየቃት። በአንድ መስመር ሰጠችው። ሳይስት ደገመ። አላመሰገናትም፣ ማን እንደሆነች አልጠየቃትም፣ ስንት ዓመት እንደሠራች አላወቀም። ተቆጣጣሪ የነገረውን መንገድ ይዞ ሄደ፤ ይኸው ነው። ደቂቃ ቁጥሩንና ሰዓቱን ወረቀቷ ላይ መዘገበች፣ ሁለተኛው ሲጠራ ደግሞ እስክሪብቶዋን አነሳች።